የማይታየው ቁስል፦ የካሜራ ዓይን፣ የቤት ውስጥ ጥቃትና የእኛ ዝምታ



እናቴ ወጣት ሳለች የተነሣችው ፎቶግራፍ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ለቀበሌ መታወቂያ የተነሣችው ጉርድ ፎቶ ነው። ጋይንት ውስጥ ገና በልጅነቷ ስትዳር በሠርጉ ላይ ካሜራ የያዘ ሰው አልነበረም። ደብረ ታቦር ከተማ ወደሚገኝ ፎቶ ቤት የገባች ቀን እኔ ልጅ ነበርሁና አብሬያት ሄጄ ነበር። ፎቶ አንሺው «እማማ፣ ነጠላውን ከግንባርዎ ከፍ ያድርጉት፤ ፊትዎ ይታይ» አላት። ከፍ አደረገችው፤ ወዲያው ደግሞ መልሳ አወረደችው። ሦስት ጊዜ ከለመናት በኋላ ነው የተነሣችው። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ከግራ ቅንድቧ በላይ ያለው ጠባሳ ጎልቶ ወጣ። በየቀኑ የማየው ፊት ነበር፤ ጠባሳውን ልብ ያልሁት ግን ያን ቀን ነው። «ምን ሆነሽ ነው?» አልኋት። «በር መትቶኝ ነው» አለችኝ። በሩ ማን እንደ ነበር የነገረችኝ አባቴ ካረፈ በኋላ ነው።

ውድ አንባቢዎች፣ ይህን የምጽፈው የእናቴን ገመና ለማውጣት አይደለም። ጽሑፉን ከመላኬ በፊት አንብቤላታለሁ፤ «ለሌላዋ የሚጠቅም ከሆነ ይጻፍ» ብላኛለች። በየቤቱ ተሸፍኖ የሚኖረውን ጥቃት ፎቶግራፍ እንዴት ሊያሳየን እንደ ቻለ፣ የተጎዱ ሰዎችንም ጽናት እንዴት እንደ መሰከረ፣ እንዲሁም በቤተ ክርስቲያን ያለን ሰዎች ከዚህ ምን እንደምንማር አብረን እንድንመለከት ነው። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከደብረ ታቦር የወጣው ሕፃን

አካባቢያችንና ፎቶግራፍ የቆየ ታሪክ አላቸው። በኢትዮጵያ ፎቶግራፍ ካነሡ ቀደምት ሰዎች አንዱ በ1860 ገደማ ወደ አገራችን የመጣው ፕሮቴስታንቱ ሚስዮናዊ ሄንሪ ስተርን ነበር። በኋላም በ1863 ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር ተጋጭቶ ታሰረ። ከደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት ደግሞ ሌሎች ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎች ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ ለንጉሡ ሠሩ።

ለዛሬው ጉዳያችን ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው አንድ ሕፃን ነው። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ በሚያዝያ 1861 በደብረ ታቦር ተወለደ። በሚያዝያ 1868 እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ አባቱ ራሱን ገደለ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም በቀጣዩ ወር በመንገድ ላይ አረፈች። የሰባት ዓመቱ ልጅ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለችው ስመ ጥር ፎቶ አንሺ ዋይት በተባለችው ደሴት አነሣችው። አንዳንዶቹ ፎቶዎች ካፒቴን ስፒዲ ከሚባለው ጠባቂው ጋር የተነሣቸው ናቸው።

እነዚህን ፎቶዎች ብታዩአቸው ደም የለባቸውም፤ ሰንሰለትም የለባቸውም። የአገሩን ልብስ የለበሰ አንድ ቆንጆ ልጅ ብቻ ይታያል። በዚያ ዘመን የነበሩ ተመልካቾች «የንጉሥ ልጅ» ብለው ተደንቀው ይሆናል። ፎቶው የማይነግረን ግን ልጁ አባቱንና እናቱን ካጣ ገና ሦስት ወር ያህል ብቻ እንደ ሆነው ነው። ዓለማየሁ በ1879 በ18 ዓመቱ በሊድስ ከተማ አረፈ፤ በዊንዘርም ተቀበረ። አጽሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2023 አልተቀበለውም።

እንግዲህ የመጀመሪያውን ትምህርት ከዚህ እንወስዳለን። ፎቶግራፍ ጥቃትን ሊገልጥ ይችላል፤ ሊሸፍንም ይችላል። ስለዚህ አንድን ፎቶ ስናይ «ምን ያምራል!» ከማለታችን በፊት ይህን ሰው እዚህ ያስቀመጠው ማን ነው? ፈቃዱስ ተጠይቋልን? ከዚህ በፊት ምን ደርሶበት ነበር? ብለን እንጠይቅ።

በሠርግ የተሸፈነ

በ2011 በሰኔ ወር ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ስቴፋኒ ሲንክሌር የተባለች አሜሪካዊት ያነሣቻቸውን የሕፃናት ሙሽሮች ፎቶዎች አወጣ። ሴትዮዋ በ2003 በአፍጋኒስታን በጀመረችው ሥራ ወደ የመን፣ ወደ ሕንድና ወደ ኔፓል ሄዳለች፤ ወደ እኛም ክልል መጥታ በጎንደርና በባሕር ዳር ገጠሮች ፎቶ አንሥታለች። ከእነዚህ አንዱ ፎቶ የአሥራ አራት ዓመት ሙሽራ በበቅሎ ተቀምጣ፣ ጨርቅ ተከናንባ፣ በሙሽራውና በሚዜዎቹ ታጅባ ስትወሰድ ያሳያል። ፊቷ የተሸፈነበትን ምክንያት ሲጠየቁ፣ ኋላ ማምለጥ ብትፈልግ ወደ ቤቷ የሚመልሰውን መንገድ እንዳታውቅ ነው ተብሏል።

ወገኖቼ፣ በደቡብ ጎንደር ያደግን ሰዎች ይህን ትዕይንት በሚገባ እናውቀዋለን። በበቅሎው ኋላ እልል እያልን ሮጠናል። ዳቦውን በልተናል፤ ጠላውን ጠጥተናል። ከፋርጣ እስከ ስማዳ፣ ከእብናት እስከ እስቴ ከጥምቀት በኋላ የሠርግ ወቅት ሲደርስ ደስ የማይለው ማን ነበር? የውጭ አገር ሴት መጥታ አንድ ፎቶ እስክታነሣ ድረስ ብዙዎቻችን በጨርቁ ውስጥ ያለችውን ልጅ አላየንም። ጥቃት በጨለማ ብቻ የሚደበቅ ይመስለን ነበር። በብዙ ዘፈንና በብዙ ሰው መካከልም ይደበቃል። ሁሉ የለመደውን ነገር ማንም አያየውም።

አንዳንዶች «ይህ ባህላችንን ማሰደብ ነው» ይላሉ። እኔም አንድ ጊዜ እንደዚያ ብዬ ነበር። ደግሞም ፈረንጅ መጥቶ ድህነታችንን ብቻ አንሥቶ ሲሄድ የሚሰማን ቅሬታ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ስማችንን ያጎደፈው ፎቶው ነው ወይስ የተደረገው ነገር? መስታወት ፊትን አያቆሽሽም።

ይህ ልማድ የአንድ ቤተ እምነት ብቻ ነው የሚልም አይኑር። የእኛ ምእመናንም የዚሁ አገር ሰዎች ናቸው፤ ወላጆቻችን እንደ ጎረቤቶቻቸው ድረዋል፣ ተድረዋልም።

ቁጥሩና ሕጉ

በ2016 በመላ አገሪቱ የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶው ከባላቸው የአካል፣ የወሲብ ወይም የስሜት ጥቃት ደርሶባቸዋል። ከዚህ ይልቅ ያስደነገጠኝ ሌላው ቁጥር ነው። ወጥ ቢያር፣ ሳትነግረው ብትወጣ፣ ብትከራከረው ወይም በመሳሰለው ምክንያት ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ያሉት ሴቶች 63 በመቶ ሲሆኑ፣ እንዲህ ያሉት ወንዶች ግን 28 በመቶ ናቸው። የአካል ወይም የወሲብ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ሦስት እጅ ቢከፈሉ ሁለቱ እጅ ያህል ለማንም አልተናገሩም፤ እርዳታም አልፈለጉም።

ይህ ምን ማለት ነው? ተመቺዋ ራሷ ዱላው ይገባኛል እንድትል ተደርጋ አድጋለች ማለት ነው። «ሴትና አህያ ዱላ ይወዳል» የሚለውን ተረት ከልጅነቷ ጀምሮ ሰምታለች። «ገመናሽን ሸፍኚ፣ የሆድሽን በሆድሽ ያዢ» ተብላለች። ስለዚህ «በር መትቶኝ ነው» ማለት ለእርሷ ውሸት ሳይሆን ጨዋነት ነው።

ሕጉ ግን ግልጽ ነው። በ2000 የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት አድርጓል፤ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግም እንደዚሁ ደንግጓል። በ2005 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 648 ሕፃን ያገባ ሰው፣ ልጅቱ 13 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች ደግሞ እስከ 7 ዓመት ጽኑ እሥራት እንዲቀጣ ያዝዛል። ጠለፋም፣ ሚስትን መደብደብም ወንጀል ነው። በትዳር ውስጥ የሚፈጸመው መድፈር ግን በዚያ ሕግ እንደ ወንጀል አልተቆጠረም።

ልማድ ሊለወጥ እንደሚችልም በክልላችን ታይቷል። ከ2004 እስከ 2006 ከባሕር ዳር ብዙ በማትርቀው ሞሰቦ «ብርሃነ ሔዋን» የተባለ ፕሮግራም ተካሂዶ ነበር። ልጃገረዶች በቡድን እየተሰበሰቡ ተማሩ፤ የትምህርት ቁሳቁስ ተሰጣቸው፤ ሴት ልጁን ሳይድር ላቆየ ቤተሰብም በመጨረሻ እንስሳ ተሰጠው። ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ልጆች መካከል ጋብቻ እጅግ ቀነሰ። ሰበካ ብቻውን ያልሠራውን፣ ደብተርና አንድ እንስሳ አግዘውት ተሠራ።

ፎቶ አንሺዎቹ የሄዱባቸው ሦስት መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ጥቃቱን ሲፈጸም ማንሣት ነው። በ1982 ዶና ፌራቶ የተባለች አሜሪካዊት ፎቶ አንሺ በኒው ጀርሲ የሀብታም ባልና ሚስት ኑሮ ልታነሣ እቤታቸው ገብታ ሳለች፣ አንድ ሌሊት ባልየው ሚስቱን ሲመታ አየች። አነሣችው፤ ከዚያም እጁን ያዘችው። ከዚያ ወዲህ ዘመኗን ለዚሁ ጉዳይ ሰጠች፤ የተጠቁ ሴቶች መጠለያዎችን እየዞረች ያነሣቻቸውንም ፎቶዎች በ1991 በመጽሐፍ አወጣች። ዱላ የድሃ ቤት ነገር ብቻ እንዳልሆነ ብዙዎች ያመኑት በእንደዚህ ያለ ማስረጃ ነው። ዳሩ ግን ይህ መንገድ አደገኛ ነው፤ ፎቶው ከታየ በኋላ በዚያ ቤት የምትቀረው ሴቲቱ ናትና።

ሁለተኛው መንገድ ፊትን ሳያሳዩ መናገር ነው። ኤሪክ ጎተስማን የተባለ አሜሪካዊ በ1999 አዲስ አበባ መጥቶ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎችን ማንሣት ሲጀምር ፊታቸውን ማሳየት አይችሉም ነበር። በዚያ ዘመን የነበረውን መገለል የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ። እርሱም ማንነታቸው እንዳይታወቅ አድርጎ አነሣቸው። ቀጥሎ ወላጆቻቸውን በኤድስ ካጡ የአዲስ አበባ ልጆች ጋር «ሰደን ፍላወርስ» የሚባል ቡድን አቋቁሞ ለዓመታት ሠራ። ልጆቹ ካሜራውን ራሳቸው ያዙ፤ በሕይወታቸው የሆነውን እያስታወሱ እንደ ድራማ ሠርተው አነሡት። የሚታየውንም የማይታየውንም የወሰኑት እነርሱ ናቸው።

ሦስተኛው ከዚሁ ጋር ይቀራረባል። በ1990ዎቹ ካሮላይን ዋንግና ሜሪ አን ባሪስ የተባሉ ሁለት ሴቶች በቻይና ዩናን ግዛት ለገጠር ሴቶች ካሜራ ሰጥተው የራሳቸውን ኑሮ እንዲያነሡ አደረጉ። ፎቶዎቹ ተሰብስበው ሴቶቹ ተወያዩባቸው፤ ከዚያም ለባለ ሥልጣናት ቀረቡ። መጻፍ የማትችል ሴት በፎቶ ተናገረች ማለት ነው። ይህ ዘዴ ዛሬ በብዙ አገሮች ይሠራበታል።

ሦስቱንም መንገዶች ስናነጻጽር ትልቁ ጥያቄ «ካሜራው በማን እጅ ነው?» የሚለው ነው። ዓለማየሁ አልተጠየቀም። የአዲስ አበባ ልጆች ግን መራጮች ነበሩ።

ጦርነት ሲጨመርበት

የአካባቢያችንን ነገር አንሥቶ የነፋስ መውጫን ነገር መዝለል አይቻልም። የሕወሓት ተዋጊዎች በነሐሴ 2021 ከተማይቱን ለዘጠኝ ቀን ያህል ይዘው ነበር። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በኅዳር ወር ባወጣው ዘገባ ያነጋገራቸው 16 ሴቶች ስለ ደረሰባቸው ጥቃት ተናግረዋል፤ አብዛኞቹ በቡድን የተደፈሩ ናቸው። ይኸው ድርጅት በዚያው ዓመት በትግራይ ሴቶች ላይ የኢትዮጵያና የኤርትራ ወታደሮች እንዲሁም ተባባሪዎቻቸው የፈጸሙትን ተመሳሳይ ግፍ ዘግቦ ነበር። ዕንባ ዘር የለውም።

በዚያ ወቅት ብዙ ሰው ከተማይቱን ካሜራ ይዞ ጎበኘ። የፈረሰ ቤትና የተዘረፈ ሱቅ ማንሣት ይቻላል። በሴት ላይ የደረሰው ግን በፎቶ አይወጣም። እርሷ ጧት ተነሥታ እሳት ታነዳለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ ልጇን ትልካለች፤ ያያት ሁሉ «ደኅና ነች» ይላል። በግልጥ የተጀመረው ጥቃት እንዲህ ሆኖ ወደ ተደበቀው ይገባል፤ በጎረቤት ሐሜት፣ አንዳንዴም በባል ፊት መንሣት ይቀጥላል።

ጽናት ማለት ችሎ መኖር ነውን?

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ከዓመታት በፊት አንዲት እህት ወደ ቢሮዬ መጥታ ባሏ እንደሚመታት ነገረችኝ። እኔም ጸለይሁላትና «እህቴ፣ ታገሺ፤ እግዚአብሔር ይለውጠዋል» ብዬ ሰደድኋት። ሁለተኛ ጊዜ መጣች፤ ሽማግሌ ላክሁና አስታረቅሁ። ሦስተኛ ጊዜ አልመጣችም። እጇ ተሰብሮ፣ ልጆቿን ይዛ ወደ ዘመዶቿ ሄዳ ነበር። እኔ ትዕግሥት ብዬ ያስተማርኋት ነገር ለመሞት መጠበቅ ነበር።

ለዚህ ምክር የምንጠቅሰው አንዱ የአጋር ታሪክ ነው፤ መልአኩ ወደ እመቤቷ እንድትመለስ ነግሯታልና (ዘፍጥረት 16)። ነገር ግን ያው ምዕራፍ አጋር እግዚአብሔርን የምታየኝ አምላክ ብላ እንደ ጠራችው ይናገራል። በምዕራፍ 21 ደግሞ ያው አምላክ ያለ መመለስ በምድረ በዳ አኖራት፤ ጕድጓድም አሳያት። የአንዲቱን ሴት መንገድ ለሁሉ ሕግ ማድረግ አንችልም። ነቢዩ ሚልክያስም (2፥16) ልብሱን በግፍ የሚከድነውን ሰው እግዚአብሔር እንደሚጠላ ይናገራል። ጴጥሮስ ደግሞ ሚስቱን የማያከብር ባል ጸሎቱ እንደሚከለከል ያስጠነቅቃል (1ኛ ጴጥሮስ 3፥7)። ሴቲቱን «ጸልዪ» ብለን ስንሰድ፣ ጸሎቱ የተከለከለበትን ሰው ምን አልነው?

ስለዚህ ጽናትን ከመቻል እንለይ። መቻል ዝም ብሎ መቀበል ነው። ጽናት ግን የደረሰብኝ ነገር እኔን አያበቃም ብሎ መነሣት ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ከቤት በመውጣት፣ አንዳንድ ጊዜ በመናገር፣ አንዳንድ ጊዜም ፍርድ ቤት በመቆም ይገለጣል።

በቤተ ክርስቲያናችን ምን እናድርግ?

ዛሬ ወጣቶቻችን ሁሉ ካሜራ በኪሳቸው አላቸው። ምስክርነት ይቀረጻል፤ ማታ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ይወጣል። አሳቡ በጎ ነው። ነገር ግን ከላይ ካየነው ተነሥተን ጥቂት ነገር እናስተውል፦

1. ደኅንነቷ ይቅደም። ጥቃት ላይ ያለች ሴት የሚያስፈልጋት መጀመሪያ ማረፊያ፣ ሐኪምና ሕግ ነው። በወረዳው የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ የሚመለከተውን ጽሕፈት ቤት፣ ፖሊስን፣ በአንዳንድ ሆስፒታሎች ያለውን የአንድ ማዕከል አገልግሎት እንወቅ። በሽምግልና ብቻ አንጨርሰው።

2. ማስረጃና ምስክርነት አይደባለቁ። የቁስል ፎቶ ለፍርድ ይጠቅማል፤ ቀኑ ተጽፎ፣ ከሐኪም ማስረጃ ጋር በእርሷ ወይም በምታምነው ሰው እጅ ይቀመጥ። ቦታው ፋይል ውስጥ እንጂ ፌስቡክ ላይ አይደለም።

3. ለመጋቢ የተሰጠ «እሺ» ሁልጊዜ እሺ አይደለም። ያከበረችን እምቢ ማለት ይከብዳታል። በሌላ ቀን፣ በሌላ ሴት በኩል ደግመን እንጠይቅ፤ ፎቶው የት እንደሚታይ እንንገራት፤ ሳይወጣ በፊት እናሳያት። አንድ ጊዜ ከወጣ መሰብሰብ እንደማይቻልም እንንገራት።

4. ፊትን መሸፈን ብቻ አይበቃም። በገጠር ቀበሌ ሰው በበሩ፣ በነጠላው ጥለት፣ በላሙ ይታወቃል። ስልክም ፎቶው የተነሣበትን ቦታ አብሮ ሊመዘግብ ይችላል።

5. የተጎዳ ሕፃን ፊት በምንም ምክንያት አይውጣ። ልጁ አድጎ የሚኖርበት ስም ነውና።

ጌታችን ከትንሣኤው በኋላ ለቶማስ ቁስሉን አሳየው (ዮሐንስ 20)። ልብ በሉ፤ ማንም አስገድዶ አልገለጠውም። ራሱ፣ በራሱ ፈቃድ፣ በወዳጆቹ መካከል፣ እንዲያምኑ አሳየ። የተጎዳ ሰው ቁስሉን የሚያሳየው በዚህ መንገድ ሊሆን ይገባል እላለሁ።

ያቺ እህት ዛሬ እንጀራ እየጋገረች ልጆቿን ታሳድጋለች። ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ ይህንንም እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች፤ ስሟንና ያለችበትን ግን አልጽፍም። ወጣቶቻችን ምስክርነቷን ሊቀርጹ ሲጠይቋት «ፊቴን አታንሡ፤ እጄን አንሡ» አለቻቸው። አነሡት። ፎቶው ላይ የሚታየው ጭስ፣ ምጣድ፣ አክንባሎውን ከፍ ያደረገ አንድ እጅ ነው። የተሰበረው እጅ ያ ነው። ፎቶው በየትኛውም ገጽ አልወጣም፤ እርሷ በመረጠችው መሠረት እህቶች በሚሰበሰቡበት ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

እርሱ ከተሰቀለ ወዲህ ሁለት እህቶች ከጉባኤ በኋላ ቀርተው አነጋግረውናል። በዚህ ጊዜ «ታገሺ» አላልሁም። ቁጭ ብዬ ሰማሁ፤ ከዚያም የት እንደሚኬድ አብረን ሄድን።

የሚያየን አምላክ ለእኛም የሚያይ ዓይን ይስጠን። አሜን።